ልጆች ካልወጡበት የማይጨረስ ቅርጽ

በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ ቀራጺ ሞዴሉን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ የፓርኮች ኮሚሽነር ዘንድ ሄደ። ቀራጺው ኢሳሙ ኖጉቺ ነው፤ ኮሚሽነሩ ሮበርት ሞዝስ። ሞዴሉ በአራት ጎዳናዎች መካከል ያለን ሙሉ ቦታ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ኮረብታ ያሳያል። በአንድ ጎኑ ሰፋፊ ደረጃዎች ወደ ጫፉ ያወጣሉ። በሌላው ጎኑ በብርዱ ወራት ልጆች በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ቁልቁለት አለ፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ውሃ እየወረደበት ወደ ገንዳ የሚያደርስ ሸርተቴ። ከፋብሪካ ተገዝቶ የሚተከል አንድም መጫወቻ የለበትም። መጫወቻው ኮረብታው ራሱ ነው።

ኖጉቺ ኋላ ላይ እንዳስታወሰው፣ ሞዝስ ከት ብሎ ስቆ አሰናበተው።

ሞዝስ የልጆች መጫወቻ ጠላት አልነበረም። እንዲያውም በሥልጣን ዘመኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመጫወቻ ስፍራዎችን ያስገነባ ሰው ነው። ችግሩ ሁሉም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ መምሰላቸው ነበር፤ አስፋልት የለበሰ መሬት፣ የብረት ዥዋዥዌ፣ የብረት ሸርተቴ፣ ዙሪያውን አጥር። ቶሎ ይሠራሉ፣ ብዙ አይፈጁም፣ ለጥበቃም አይቸግሩም። የኖጉቺ ኮረብታ ግን በየትኛውም የግዢ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

ኖጉቺ የተወለደው በ1904 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። አባቱ ዮኔ ኖጉቺ ጃፓናዊ ገጣሚ፣ እናቱ ሊዮኒ ጊልሞር አሜሪካዊት ጸሐፊ ነበሩ። ልጅነቱን ያሳለፈው በጃፓን ሲሆን፣ በወጣትነቱ ፓሪስ ሄዶ በታላቁ ቀራጺ ብራንኩሲ ዘንድ በረዳትነት ሠርቷል። ቅርጽ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሰው ከሩቅ የሚያየው ነገር ብቻ መሆኑ አይዋጥለትም ነበር። የሚረግጡት፣ የሚወጡበት፣ የሚንሸራተቱበት ቅርጽ ለምን አይኖርም? የተሳቀበት ኮረብታ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመሬት የሠራቸው ሐሳቦች በሙሉ ከእርሱ እንደበቀሉም ራሱ መስክሯል።

እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ሆኖሉሉ ከተማ ለአላ ሞአና ፓርክ የሚሆኑ መጫወቻዎች እንዲነድፍ ጠየቀችው። ነደፈ፤ ግን አልተሠሩም። ንድፎቹን ወደ ኒው ዮርክ ሲያመጣቸው የፓርክ መሥሪያ ቤቱ «ልጅ ወድቆ ይጎዳል» አለው። የኖጉቺ ምላሽ ብልሃት ነበረበት። በ1941 እንደገና ያቀረበው ንድፍ ላይ ምሰሶም፣ ሰንሰለትም፣ መሰላልም የለም፤ ያለው ጉብ ጎድጎድ እያለ የሚሄድ መሬት ብቻ ነው። የሚወደቅበት ከፍታ ከሌለ ማን ይወድቃል? ይህኛው ጆሮ አግኝቶ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ንድፉን ውሃ በላው።

በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆችን እያፈሰ ወደ በረሃ ካምፖች ሲያግዝ፣ ኒው ዮርክ የሚኖረውን ኖጉቺን የሚያስገድደው አልነበረም። እርሱ ግን በፈቃዱ አሪዞና ወደሚገኘው የፖስተን ካምፕ ገባ። ዓላማው ለታጎሩት ቤተሰቦች መናፈሻና መጫወቻ መንደፍ ነበር። ንድፎቹ ከወረቀት አላለፉም፤ እርሱም ከወራት በኋላ ወጣ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ነገሩ በሌላ ክፍለ ዓለም መሬት ያዘ። አምስተርዳም በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ክፉኛ ተጎድታ ነበር። ናዚዎች የወሰዷቸው አይሁዳውያን ቤቶች ባዶ ቀርተው፣ በብርድ የሚያልቀው ሕዝብ ወለላቸውንና ምሰሶአቸውን ለማገዶ እየነቀለ አፈራርሷቸዋል። በየሰፈሩ ፍርስራሽና ባዶ ቦታ ተረፈ። በከተማው የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ወጣት አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ በ1947 በርቴልማንፕሌን በተባለች ትንሽ አደባባይ ላይ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠራ።

ምን ነበረበት? ሰፊ ጠርዝ ያለው የአሸዋ ገንዳ፣ በውስጡ ክብ ክብ ድንጋዮች፣ ልጆች ተንጠልጥለው የሚገለባበጡባቸው የብረት ዘንጎች፣ ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች። በቃ። የገንዳው ጠርዝ ለልጅ የአሸዋ ዳቦ መጋገሪያ ጠረጴዛ ነው፤ ለእናት መቀመጫ፤ ከፍ ላለው ልጅ መሮጫና መዝለያ። ቫን አይክ ቅርጾቹን ሆን ብሎ ባዶ አደረጋቸው። ዝሆን የሚመስል መጫወቻ ሁልጊዜም ዝሆን ነው፤ ክብ ድንጋይ ግን ዛሬ ምሽግ፣ ነገ ሱቅ ሊሆን ይችላል። አጥርም አላጠረም፤ መጫወቻው ከመንገዱ ጋር የተያያዘ የከተማው አካል እንዲሆን ፈለገ።

የሌሎች ሰፈሮች ነዋሪ አየና ቀና። ከየሰፈሩ «እኛስ?» የሚሉ ደብዳቤዎች ወደ ከተማው ጎረፉ። እስከ 1978 ድረስ ቫን አይክ ከ700 በላይ መጫወቻዎችን ነደፈ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ጦርነቱ ባዶ ባስቀራቸው ቦታዎች ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በ1949፣ የዴንማርክ ተወላጁ ቀራጺ ኤጎን ሞለር ኒልሰን በስቶክሆልም ሁምሌጎርደን መናፈሻ «ቱፍሰን» የተባለውን ቅርጽ አቆመ። ሲያዩት በሙዚየም ግቢ የሚቀመጥ ረቂቅ ቅርጽ ነው፤ ልጆች ግን በቀዳዳው ይሳባሉ፣ ጀርባው ላይ ይወጣሉ፣ በጎኑ ይንሸራተታሉ። በአውሮፓ «የመጫወቻ ቅርጽ» ለሚባለው የጥበብ ዘርፍ ፈር ከቀደዱት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ኖጉቺ ግን ኒው ዮርክ ላይ አሁንም አልቀናውም ነበር። በ1952 ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ መጫወቻ ነደፈ፤ ሞዝስ ተቃወመና ቀረ። ሞዴሉ በከተማው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ለእይታ ቀረበ። መጫወቻው ሙዚየም ገባ፤ መሬት ላይ እንዲሠራ ግን አልተፈቀደለትም። ከ1961 ጀምሮ ደግሞ ከስመ ጥሩው አርክቴክት ሉዊስ ካን ጋር በሪቨርሳይድ ፓርክ ለሚሠራ መጫወቻ አምስት ዓመት ሙሉ ንድፍ ሲያወጡና ሲሰርዙ ቆዩ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ከፊሉ ፓርካችን ተነካ ብለው ተነሡ። በ1966 አዲሱ ከንቲባ ጆን ሊንዚ ሥልጣን ሲይዝ ፕሮጀክቱ ተሰረዘ።

በ1972 ነገሩ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረ። በከንቲባ ቴዲ ኮሌክ ዘመን ከተማዋ ለቂርያት ሃዮቬል ሰፈር የሚሆን ቅርጽ ከፈረንሳዊቷ አርቲስት ኒኪ ደ ሳን ፋል አዘዘች። ሳን ፋል ያቀረበችው ነጭና ጥቁር የሆነ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ግዙፍ ጭራቅ ነው። ከአፉ ሦስት ቀያይ ምላሶች እስከ መሬት ይወርዳሉ፤ ምላሶቹ ሸርተቴዎች ናቸው። ልጁ ከኋላ ይወጣና ጭራቁ ራስ ውስጥ ገብቶ በምላሱ ላይ ቁልቁል ይለቀቃል።

የከተማው ሰዎች ሲያዩት ደነገጡ፤ «ልጆቹን ያስፈራል» አሉ። ሳን ፋል ተከራከረች። የሚያስፈራ ነገር ለልጅ ጥሩ ነው፤ ፍርሃቱን የሚያሸንፈው ተጫውቶበት ነው የሚል ነበር ክርክሯ። አሸነፈች። የሰፈሩ ልጆችም ስሙን ራሳቸው አወጡለት፤ «ሚፍሌጸት» አሉት፣ ጭራቁ እንደማለት ነው። በዚያው የኢየሩሳሌም አቅጣጫ የምትገኘው ቂርያት መናሔም ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የሠፈሩባት ስለሆነች፣ በእነዚያ ሰፈሮች ያደጉ አማርኛ የሚሰሙ ልጆችም ምላሶቹን ያውቋቸዋል።

ኖጉቺ በአገሩ በአሜሪካ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠርቶ ያየው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። አትላንታ የሚገኘው ሃይ ሙዚየም ባደረገው ስጦታ በፒድሞንት ፓርክ ውስጥ በ1976 ተከፈተ። ደማቅ ቀለም ያላቸው ዥዋዥዌዎች፣ ጠመዝማዛ ሸርተቴና ሊወጣባቸው የሚችሉ ቅርጾች አሉበት። በሕይወት እያለ በአሜሪካ ምድር ተሠርቶ ያለቀለት መጫወቻ ይህ ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለመጫወቻ ያልታሰበ ቅርጽ መጫወቻ ሆነ። ቀራጺው ሱዋርድ ጆንሰን በ1980 ለአንድ ዓለም አቀፍ የቅርጻ ቅርጽ ጉባኤ ብሎ «መንቃት» የተባለውን ሥራ በሄይንስ ፖይንት ተከለ። ከመሬት ሊወጣ የሚታገል ግዙፍ ሰው ነው፤ በአምስት የተነጣጠሉ የአሉሚኒየም ክፍሎች ራሱ፣ ክንዱ፣ እጁ፣ ጉልበቱና እግሩ ብቻ ይታያሉ። ወደ ላይ የተዘረጋው ክንድ 5 ሜትር ያህል ይረዝማል። ጢማሙ ፊት አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ልጆች እዚያ አፍ ውስጥ ገብተው ፎቶ ይነሣሉ፣ ጣቶቹን ይዘው ይንጠለጠላሉ። በ2008 ከቦታው ተነቅሎ በሜሪላንድ ናሽናል ሃርበር ወንዝ ዳር ባለው አሸዋ ላይ ተተከለ። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ እንደመሆኑ፣ ከዚያ ክንድ ሥር የተነሡ ፎቶዎች በብዙ የቤተሰብ አልበሞች ውስጥ ሳይገኙ አይቀሩም።

ኖጉቺ በ1986 አሜሪካን ወክሎ በቬኒስ ቢዬናሌ ሲቀርብ ካሳያቸው ሥራዎች አንዱ ጎብኚ በውስጡ ደረጃ ወጥቶ የሚንሸራተትበት የነጭ እብነ በረድ ሸርተቴ ነበር። የዚህ ሸርተቴ ሐሳብ ኋላ ጃፓን ይደርሳል።

በ1988 መጋቢት የሳፖሮ ከተማ ጋበዘችው። ከታዩት ቦታዎች መካከል የመረጠው ማንም የማይመርጠውን ነው፤ ሞኤሬኑማ የተባለውን፣ ውሃ የከበበውን የከተማዋን ቆሻሻ መጣያ። የአዲስ አበባ ሰው ቆሼ የሚለውን ዓይነት ስፍራ መሆኑ ነው። መኪኖች ገና ቆሻሻ እየደፉበት ነበር። ኖጉቺ ግን በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ ቅርጽ ከማቆም ይልቅ 189 ሄክታር የሚያህለውን መሬት በሙሉ አንድ ቅርጽ አድርጎ አየው። ሐሳቡን በዚያው ዓመት ኅዳር በሞዴል አጠናቀቀ። ታኅሣሥ 30 ቀን በ84 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈ።

ሳፖሮ ግን ውሏን አላፈረሰችም። በመጀመሪያ የቆመለት በመሀል ከተማ ኦዶሪ ፓርክ ውስጥ ያለው ጥቁር ሸርተቴ ነው። ኖጉቺ ለእርሱ የመረጠው ቦታ ፓርኩን ለሁለት የሚከፍል የመኪና መንገድ ነበር፤ ከተማዋ መንገዱን ዘግታ በ1992 ሸርተቴውን ተከለችበት። ከጥቁር ግራናይት የተጠረበ ሲሆን 3.6 ሜትር ከፍታና 80 ቶን ያህል ክብደት አለው። በስተጀርባው ባለው ሥንጥቅ ውስጥ ገብተው ጠባቡን ደረጃ ይወጣሉ፤ ከላይ ሲደርሱ ሸርተቴው እየተጠማዘዘ ያወርዳል። ኖጉቺ ሥራውን የሚጨርሱት የልጆች መቀመጫዎች ናቸው ይል ነበር፤ እውነትም ድንጋዩ በሱሪና በቀሚስ እየታሸ መውረጃው ለስልሷል።

በሞኤሬኑማ ቡልዶዘሮቹ ሲሠሩ ቺካጎ ቀደመች። በ2004 ሐምሌ ሚሌኒየም ፓርክ ሲከፈት የካታላኑ አርቲስት ጃውሜ ፕሌንሳ ሥራ የሆነው ክራውን ፋውንቴን ለሕዝብ ቀረበ። 17 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሥራ ነው። በስስ ውሃ የተሸፈነ ጥቁር ወለል ግራና ቀኝ፣ ቁመታቸው 15 ሜትር የሆነ ሁለት የመስታወት ጡብ ማማዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ቺካጓዊ ፊት ይታያል፤ ለዚህ የተቀረጹት ሰዎች 1000 ያህል ናቸው። ፊቱ ለደቂቃዎች ዓይኑን እያርገበገበ ይቆይና ከንፈሩን ያሞጠሙጣል፤ ከዚያ ከአፉ ውሃ ይተፋል። ልጆች ይህን በጥቂት ቀን ውስጥ ለዩት። ከንፈሩ ሲሞጠሞጥ እየጮኹ ከሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ውሃው ራሳቸው ላይ ይወርዳል።

በ2006 ከማማዎቹ አናት ላይ የጥበቃ ካሜራዎች ተተክለው ተገኙ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ጥበብን የምናየው እንጂ የሚሰልለን አይደለም አለ። ካሜራዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ወረዱ።

ሞኤሬኑማ ፓርክ ሐምሌ 1 ቀን 2005 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከቆሻሻና ከግንባታ ትርፍ አፈር የተቆለለው የሞኤሬ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 62 ሜትር ከፍታ አለው። በሰባት ቦታዎች የተከፋፈለው የቼሪ ዛፎች ጫካ 126 መጫወቻዎችን ይዟል። በፓርኩ ውስጥ ደግሞ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሌላ ኮረብታ አለ፤ በአንድ ጎኑ የድንጋይ ደረጃ፣ በሌላው ጎኑ የሣር ቁልቁለት። ሞዝስ የሳቀበት ኮረብታ ነው፤ ከ71 ዓመት በኋላ። የሳፖሮ ክረምት በረዶው የከበደ ስለሆነ ቤተሰቦች በሞኤሬ ተራራ ላይ መንሸራተቻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ኮረብታ መቆለል ሳያስፈልግ ሰውን የሚያጫውቱ ሥራዎች በዙ። በ2008 እንግሊዛዊው አርቲስት ሉክ ጄራም በበርሚንግሃም ጎዳናዎች ላይ 15 ፒያኖዎችን አስቀመጠ፤ በላያቸው «ተጫወቱብኝ፣ የእናንተ ነኝ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ሐሳቡ የመጣለት በልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ በየሳምንቱ የሚገናኙ ሰዎች እርስ በርስ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሲለያዩ እያየ። ፒያኖዎቹ ከ60 በላይ ከተሞችን ዞረዋል።

በ2011 ተራው የሞንትሪያል ሆነ። ሙና አንድራዎስና ሜሊሳ ሞንጂያ የመሠረቱት ስቱዲዮ 21 ዥዋዥዌዎችን በመሀል ከተማ ሰቀለ። እያንዳንዱ ዥዋዥዌ ሲንቀሳቀስ የራሱን ድምፅ ያወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ቢወዛወዝ ጥቂት ድምፆች ብቻ ይሰማል፤ ጎን ለጎን ያሉት በአንድነት እኩል ሲወዛወዙ ግን ብቻቸውን ሊያወጡት የማይችሉት ዜማ ይፈጠራል። በንድፉ የተሳተፈ የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪ ነበረበት፤ የትብብርን ጥቅም የሚያጠና ሰው። አባት ከማያውቀው ተማሪ ጋር፣ ልጅ ከአያቱ ጋር ምቱን ለማስተካከል ሲሞክሩ ማየት የተለመደ ሆነ። ዥዋዥዌዎቹ በየጸደዩ ተመልሰው ተሰቅለዋል፣ ኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች ተጉዘዋል።

በ2019 ሐምሌ ደግሞ አርክቴክቶቹ ሮናልድ ራኤልና ቨርጂኒያ ሳን ፍራቴሎ በኒው ሜክሲኮ ሰንላንድ ፓርክ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር አጥር ብረቶች መካከል ሦስት ደማቅ ሮዝ መጫወቻዎችን አሾለኩ። አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው የሚነሣበት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ልጅ አሜሪካ፣ ሌላኛው ሜክሲኮ ተቀምጧል። ጨዋታው ከአንድ ሰዓት በታች ቆየ። በ2021 መጀመሪያ የለንደን ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ብሎ ሸለመው።

ይህን ሁሉ ዘመን ሥራዎቹን ያስቀራቸው የልጆች እምቢታ አልነበረም፤ ኃላፊነትን የፈራ ቢሮ፣ የተጨነቀ ጎረቤት ወይም የተቀየረ ከንቲባ ነው። የቆሙትም የቆሙት አንድ ከተማ መንገድ ለመዝጋት፣ ካሜራ ለማውረድ፣ ለጥገና በየዓመቱ ለመክፈል ስለፈቀደ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ናሽናል ሃርበር፣ በኢየሩሳሌም ያላችሁ ቂርያት ሃዮቬል፣ ሁለቱም ያለ ቲኬት የሚገባባቸው ናቸው። በበጋ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ የግዙፉ ሰው አሉሚኒየም በእኩለ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል። ለልጆቹም የማይንሸራተት ጫማ አድርጉላቸው።